ጉባኤው ሳይታጠፍ

እኔ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ውኃ ጥጄ እስኪፈላ ድረስ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፤ ወይ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ወይ በር ላይ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ። አባባ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁት ልጅ ሆኜ "አንቺ የተወለድሽው ቆመሽ ነው" ይሉኝ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰሞን፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ኮምፒውተር አልነሣም ብሎ ሲያስቀምጠኝ ምን እንደ ሆንኩ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይገምተዋል።

አባባ የድጓ መምህር ናቸው። ከንፋስ መውጫ በባጃጅ ተሂዶ፣ ከዚያም ጥቂት በእግር ተወርዶ በምትገኝ አንዲት ደብር አጠገብ ወንበር ተክለው ስንቱን አስተምረው ሸኝተዋል። እኔና ወንድሜ ያደግነው በዚያ ግቢ፣ ቀን ከሌት በዜማ መካከል ነው። ሴት ነኝና ለጉባኤ አልተቀመጥኩም፤ ዜማው ግን ሳልጠራው ገብቶብኛል፤ ልብስ ሳጥብ እንኳ ከአፌ ያመልጠኛል። የአባባ የማረም ልማድም እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ተማሪው ሲስት መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ ጠብ ያደርጋሉ። የት እንደ ሳተ አይነግሩትም። ተመልሶ፣ እንደገና አዚሞ፣ ራሱ ያገኘዋል። ካላገኘው መቋሚያዋ እዚያው ቦታ ላይ ደግማ ጠብ ትላለች። ከዚህ የሚያልፍ ቁጣም ምክርም የላቸውም፤ ለተማሪው ግን ከአለንጋ ይልቅ ያቺ ድምፅ ትከብደዋለች።

በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ አባባ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ኅዳር ላይ ባሕር ዳር ወስደናቸው ሐኪሞቹ ክፉውን ነገር ቀደው አወጡላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፃቸው ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ ያውም ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠግቶ ለሚሰማ ሰው። ድጓ ደግሞ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ ትምህርት ነው። መጽሐፉ ላይ ከፊደሉ በላይ የተጻፉት ምልክቶች ለሚያውቀው ማስታወሻ ናቸው እንጂ ለማያውቀው ዜማ አይሆኑም፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ሊያዜምለት ይገባል። ለጥቂት ወራት የቆዩት ተማሪዎች አዲሶቹን በቃል እያስደገሙ እያስቀጸሉ፣ አባባም በመቋሚያቸው እያረሙ ዘለቁ። ይሁን እንጂ የቆዩት ራሳቸው ያላደረሱት ገና ብዙ ነው። ለእነሱ የሚያዜምላቸው ማን ነው?

ነሐሴ ሲጋመስ ልጠይቃቸው ሄጄ ጆሮዬን ሳስጠጋ፣ "ለዮሐንስ ጉባኤውን አጥፋለሁ" አሉኝ። "ልጆቹ ጊዜ ሳያልፍባቸው ሌላ መምህር ይፈልጉ። የማይሰጡትን ሰው አስቀምጦ ማስጠበቅ ኃጢአት ነው።"

"አባባ፣ እርስዎስ ምን ሊሠሩ ነው?" አልኳቸው።

"እኔማ እቀመጣለሁ።"

ይህቺ "እቀመጣለሁ" ሆዴን በላችው። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባባን ከአልጋ የሚያነሣቸው፣ ደጅ የሚጠብቋቸው ተማሪዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። ሰው ሲጠብቃቸው ይነሣሉ፣ ይበላሉ፣ ይቆጣሉ። ጉባኤው ከታጠፈ የሚታጠፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ይህን እያሰብኩ ወደ ከተማ ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ከባጃጁ ልወርድ ምንም አልቀረኝም፦ ድምፃቸው አለ እኮ! እኔ ቤት ነው ያለው!

ሐኪሙ "ድምፃቸው ሊጠፋ ይችላል" ያለን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ማይክሮፎን ይዞ መጥቶ፣ ከቀጠሯቸው በፊት የቻለውን ያህል አስዚሞ ቀርጿቸው ነበር። ወንድሜ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ የኮምፒውተር መምህር ነው። ልጅ ሆኖ ራዲዮ ይፈታ ነበር፤ ሲያድግ የሚፈታው ብቻ ተለወጠ። ቅጂውንም ቀለል ባለ መንገድ ማስቀመጥ አልሆነለትም። በፍላሽ ገልብጦ ቢሰጠኝ ያበቃ ነበር፤ እሱ ግን እኔ ቤት ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሠራ።

ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። የራሱ ዕቃ የለውም፤ በፕሮግራም ብቻ የቆመ ነው። ቢሆንም እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይጠፋል። ውጪኛው ኮምፒውተር ሰዓቱንም ጉልበቱንም ያውሰዋል፤ ውስጠኛው በተሰጠው ያድራል። ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚነቃው ከርነል የሚባለው አስኳሉ ነው፤ እሱ ካልነቃ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ይቀራል። ወንድሜ ታዲያ ይህንኑ አስኳል እንኳ ሳይነካ አላለፈውም። ማሽኑ ሲነሣ ቀኑን በኛው አቆጣጠር በአማርኛ እንዲጽፍ፣ ቅጂዎቹም በየበዓሉ ቀን እንዲደረደሩ ብሎ የራሱን ኮድ ከርነሉ ውስጥ ጨመረበት። ለዚህ ሥራ ከርነል ድረስ መውረድ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ነግሬዋለሁ። "ካልወረድኩበት መች እማረዋለሁ?" አለኝ። ዲስኩንም ቆለፈው፤ ከርነሉ በደህና ካልተነሣ ማንም በጎን ገብቶ አይከፍተውም። "የአባባ ድምፅ እንዳይሰረቅ ነው" አለ። በንፋስ መውጫ የድጓ ቅጂ የሚሰርቅ ሌባ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ አላስቸገረኝም። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲመጣ ይነሣል፣ ቀኑን ይጽፋል፣ ዝም ይላል። ቅጂውን ግን አንድም ቀን ከፍቼ አልሰማሁትም። ፈራሁት። አባባ በሹክሹክታ እየተናገሩ የድሮ ድምፃቸውን መስማት፣ ሰውየው ቆሞ ሳለ ልብሱን እንደ መካፈል ሆኖ ታየኝ።

አሁን ግን ልከፍተው ቆረጥኩ። አሳቤ ቅጂውን ላፕቶፔ ውስጥ አድርጌ ወስጄ፣ ተማሪዎቹ ሳይበተኑ "ይኸው የሚያዜምላችሁ" ማለት ነበር። መሥሪያ ቤት ሥራ በዝቶብኝ ዛሬ ነገ ስል ነሐሴ አለቀና ጳጉሜን ገባች። በገባች ዕለት ማለዳ መብራት ጠፍቶ መጣ። ልብሴን ለባብሼ፣ ከሥራ በፊት ልገልብጠው ብዬ ኮምፒውተሩን አስነሣሁት። ውጪኛው ተነሣ። ውስጠኛው ግን ነጭ ጽሑፉን በጥቁር መስኮት ላይ እያወረደ ጥቂት ከሄደ በኋላ ቀጥ አለ። ታች ላይ በእንግሊዝኛ "ከርነል ፓኒክ" ይላል። ፓኒክ ማለት ድንጋጤ ነው፤ እንግዲህ አስኳሉ ደንግጦ ቆሟል። እኔም ከነጫማዬ ደንግጬ ቆምኩ።

የሠለጠንኩበት ሙያ ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን በኩራት ጀመርኩት። ጥፋቱን ሁሉ መብራት ላይ አላከክሁት። አጥፍቼ አስነሣሁ፤ ወደቀ። ሚሞሪውን ነቅዬ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ቦታውን ለዋውጬ መለስኩት፤ ወደቀ። የውጪኛውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አስመረመርኩ፤ ምንም እንከን የለበትም። ለውስጠኛው የሚሰጠውን ሚሞሪ ጨመርኩለት፤ እዚያው ቦታ ላይ ወደቀ። መሥሪያ ቤት ሄጄ የሰው ኮምፒውተር ስጠግን ልቤ ቤት ነው። ለምሳ ስመለስ ምሳውን ትቼ ማሽኑን አስነሣሁ፤ ወደቀ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መውደቁ ልብ ሊያስገዛኝ ይገባ ነበር፤ በመብራት የተጎዳ ነገር ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እንጂ አንድ ቦታ መርጦ አይወድቅም። እኔ ግን ለማሰብ መቀመጥ ያስፈልገኝ ነበር፤ መቀመጥ ደግሞ አልቻልኩም።

ወንድሜን እንዳልጠይቀው ኔትወርክ ከጠፋ ቆይቷል። ስልኬን በየሰዓቱ ወደ ሰማይ አንሥቼ አያለሁ፤ ባዶ ነው። ኢንተርኔትማ ስሙ ከተረሳ ከራርሟል፤ እንደኔ ያለ ጠጋኝ ደግሞ ግማሽ እውቀቱ እዚያ ነው ያለው። በማግስቱ መናኸሪያ ወርጄ የወገዳን መኪና ሹፌር አገኘሁትና "ወንድም ዓለም፣ ለወንድሜ ይህን አድርስልኝ፦ 'ማሽንህ ሲነሣ ይወድቃል፤ ምን አድርገህበት ነው?' ብላለች በለው" አልኩት።

"መቼም መንገዱ ከፈቀደ ነው፤ ጭቃውን ታውቂው የለ እታለም" አለኝ።

"ከፈቀደ አትበለኝ፤ አባባ ለዮሐንስ ጉባኤ ሊያጥፉ ነው።"

ሰውየው ይህን ሲሰማ ቆብ እንኳ ባያወልቅ ፊቱ ተለወጠ። "የኔታ? በይ እንግዲህ ይደርሳል" ብሎ መሪውን ያዘ።

ከመናኸሪያ ስመለስ ከሚበተኑት አንዱን መንገድ ላይ አገኘሁት። ከአባባ ተማሪዎች ሁሉ የቆየው፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው የስማዳ ሰው ነው። ሌሎቹ ወደየመምህሩ ሲሄዱ እሱ ወደ ወገዳ ተመልሶ ሊያርስ እንደ ሆነ ነገረኝ።

"ለሌላ መምህር አዲስ ሆኜ ልጀምር? ዕድሜዬ አልፏል እታለም። የኔታ አስጨርሰውኝ፣ ድጓ ወደሚመሰከርበት ወደ ቤተልሔም ወርጄ ላስመሰክር ነበር አሳቤ። የቀረኝ ትንሽ ነበር" አለኝ። "ትንሽ" ሲል ድምፁ ሰለለ።

ስለ ቅጂው ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የማይነሣ ማሽን ተስፋ አይሆንም። ቤቴ ስገባ በሩን ገፋ አድርጌ ወረወርኩት። በማን እንደ ተናደድኩ እንኳ አላውቅም፤ በወንድሜ፣ በመብራቱ፣ በአባባ ግትርነት፣ በሁሉም።

የሩፋኤል ዕለት ቀኑን ሙሉ ደመናው ተንጠልጥሎ ውሎ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነውና የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው እየጮኹ ወጡ፤ እናቶችም ነጠላቸውን አውልቀው ተከተሉ። እኔ ጽሑፉን መቶ ጊዜ ያነበብኩት የማሽኑ መስኮት ላይ አፍጥጫለሁ። አከራዬ አሮጊት በሬን በመዳፋቸው ደበደቡት።

"አንቺ ልጅ! ዛሬ ሩፋኤል አይደለም? ውጪና ተጠመቂ!"

"ሥራ ይዣለሁ እማማ።"

"ሥራሽ የትም አይሄድ! ሰማይ የሚከፈት ዛሬ ነው፤ ነይ ውጪ!" አሉና እጄን ይዘው ጎተቱኝ።

ወጣሁ። ዝናቡ ከአናቴ ጀምሮ ሲወርድብኝ እየተንቀጠቀጥኩ ቆምኩ። ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ የቆምኩት ያኔ ነው። እማማ ከጎኔ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲያበቁ፣ "ጳጉሜን ደግ ናት፤ እንደ ወር አትቆጠር፣ ስሟም አይነሣ፣ ግን ሰማዩን ትከፍታለች" አሉ።

ስሟም አይነሣ። ነጠላዬን ሳላነሣ ወደ ቤት ሮጥኩ። "ኧረ ይቺ ልጅ!" ሲሉ እሰማቸዋለሁ።

ከርነል ሲወድቅ ከመውደቁ በፊት ምን ምን ሲሠራ እንደ ነበር ስሙን ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ይሞታል። ያን ዝርዝር ቀናት ሙሉ ሳነብ የማይገቡኝን የእንግሊዝኛ ስሞች ብቻ ነበር የምመረምረው። ከመካከላቸው በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ የአማርኛ ስም ነበር፤ "የወር ስም" ይላል። ወንድሜ ለጨመረው ኮድ ያወጣለት ስም ነው። የሚገባኝ ቃል ስለ ሆነ ዘልዬው ኖሯል! ውኃዬ እየተንጠባጠበ ቆሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ በንዴት አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የወሮቹን ስም ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት አድርጎ ደርድሯል። ማሽኑ ሲነሣ ቀኑን ከውጪኛው ይቀበላል፣ ወደኛው አቆጣጠር ይመልሳል፣ የወሩን ስም ከተደረደረው ያነሣል። ጳጉሜን ሲሆን አሥራ ሦስተኛውን ስም ይፈልጋል። አሥራ ሦስተኛ የለም። አግዳሚው ላይ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጦ ሳለ "ከጫፉ ያለውን አሥራ ሦስተኛ ሰው ጥራ" እንደ ማለት ነው፤ እጁን ወደ ባዶው ይሰድና ይወድቃል። ሌላ ፕሮግራም ቢሆን እሱ ብቻ በወደቀ፤ ከርነል ውስጥ ስለ ሆነ ግን ቤቱን ሁሉ ይዞ ወደቀ። ማሽኑ የተሠራው መስከረም ላይ ነውና ጳጉሜንን አይቷት አያውቅም።

እውነት መሆኑን ለማወቅ የውጪኛውን ኮምፒውተር ቀን ወደ ነሐሴ መለስኩና ማሽኑን አስነሣሁት። ጽሑፉ ወረደ፣ ወረደ፣ የሚወድቅበት ቦታ ደረሰ፣ አለፈው። "ነሐሴ 30" ብሎ ጻፈና እንደ ድሮው ዝም አለ። እልል ልል ነበር፤ እማማ ሰዎች ይጠራሉ ብዬ ተውኩት።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። በውሸት ቀን ገብቼ ቅጂውን አውጥቼ መሄድ ነው፤ ወይም እጄን አጣጥፌ መስከረም እስኪጠባ መጠበቅ ነው፤ ያኔ ማሽኑ በራሱ ይነሣል። ግን መስከረም ሲጠባ ጉባኤው የለም። ውሸቱ ደግሞ ለኔ ለቸኳይዋ የሚስማማ ቢመስልም ልቤ እንቢ አለ። ማሽኑን ለጉባኤው ልሰጠው ነው፤ የሚያስነሡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ በዓመቱ ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ሊወድቅባቸው ነው። ቀን እየቆጠረ በሚኖር ደብር፣ ማሽኑ ዕለቱን ቢሳሳት ቆሎ የሚለምነው ልጅ ሳይቀር ይስቅብናል። የወንድሜ ኮድ ያለው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነበርና ከፍቼ ከነሐሴ በታች "ጳጉሜን" ብዬ ጻፍኩ። የተለወጠውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ መልሶ ከርነሉን እንደገና ማጠናቀር ረጅም ነገር ነው። ኮምፒውተሩ እየነፈሰና እየጋለ ሲሠራ እኔ ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ። ሲያልቅ ቀኑን ወደ ትክክለኛው መልሼ በጉጉት አስነሣሁት።

ወደቀ።

በጥድፊያዬ ስሙን ጨምሬ ቁጥሩን አሥራ ሁለት እንዳለ ትቼዋለሁ። ወንድሜን ስረግመው የቆየሁበት ምላስ ተሳሰረ። እንደገና ነሐሴ አደረግኩት፣ እንደገና ገባሁ፣ ቁጥሩን አሥራ ሦስት አልኩ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ጨመርኩበት፦ ስሙን ያላገኘው ወር ቢመጣበት እንኳ "አላውቅም" ብሎ ጽፎ እንዲያልፍ እንጂ እንዳይወድቅ። አላውቅም ማለት ማንንም አይገድልም። ከዚያ ወጣሁና ለሁለተኛው ማጠናቀር እማማ ዘንድ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ቤት ብሆን ስክሪኑን ስነካካ አበላሸው ነበር።

በዮሐንስ ዋዜማ ማለዳ ማሽኑ በእውነተኛው ቀን ተነሣና "ጳጉሜን 5" ብሎ ጻፈ። ውስጠኛውን ኮምፒውተር እንዳለ ገልብጬ ላፕቶፔ ውስጥ አደረግሁት፤ ያ ሁሉ ያንገላታኝ ነገር መጨረሻው አንድ ፋይል ነው። ባጃጅ ልይዝ ስወጣ የወገዳው ሹፌር ከሩቅ ጠራኝ።

"እታለም! ወንድምሽን አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ራሱን ያዘ። 'ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ወር መሆኗን ረስቼ ነው በላት' አለኝ። ምን ማለት ነው?"

"መምህር ነኝ ማለት ነው" አልኩትና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔም እኮ የምኖረው በደመወዝ ነው፤ ለዚህ ነው ቀናት ሙሉ ያልታየኝ።

ግቢው ስደርስ የዘገየሁ መሰለኝ። ተማሪዎቹ ደበሏቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው ከአባባ ጎጆ ደጃፍ ቆመዋል። አንዳንዶቹ ጉልበት ስመው ጨርሰዋል። ለዋዜማው ቆመው ማለዳ ሊሄዱ እንደ ሆነ የስማዳው ሰው ነገረኝ። አባባ አግዳሚው ላይ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ሰላምታም ሳልሰጥ ላፕቶፑን ከፊታቸው ባለው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩ።

"ምንድን ነው?" አሉ በሹክሹክታቸው።

"የእርስዎ ድምፅ ነው አባባ። ያኔ የተቀረጹት። ልጆቹ ከዚህ እየሰሙ ይማራሉ፤ ጉባኤው መታጠፍ የለበትም።"

"ሳልሞት ተዝካሬን ይዘሽልኝ መጣሽ?" አሉኝ።

ለቀናት ስሮጥ ይህን ይሉኛል ብዬ አላሰብኩም። ፊቴ ጋለ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ብቻ ከያዝኩት በኋላ መተው ስለማላውቅ ማሽኑን አስነሣሁት። ጽሑፉ ወረደ። "ጳጉሜን 5" አለ። ከኋላዬ አንዱ ተማሪ "ዕለቱን ያውቃል!" ብሎ ሳቀ። የዮሐንስን መርጬ ተጫንኩት።

የአባባ ድምፅ ወጣ። የድሮው፣ ወፍራሙ፣ ደጃፍ ላይ ቆመን ከወንዝ ማዶ የምንሰማው። እንዴት እንደ ናፈቀኝ እስኪሰማኝ ድረስ አላወቅሁም ነበር። የስማዳው ሰው ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። አኩፋዳውን አንግቶ በሩ ጋ የደረሰው ተማሪ ተመለሰ። አባባ ግን አልተንቀሳቀሱም፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እንደ ማንኛውም ዜማ ያዳምጣሉ።

ጠብ።

መቋሚያዋ ናት። ሁላችንም ቀና አልን። ድምፁ ማሽኑ ውስጥ ማዜሙን ቀጥሏል። አባባ እጃቸውን ወደ ኋላ አወናጨፉ፤ መልሺው ማለታቸው ነው። ወደ ኋላ መለስኩት። እዚያው ቦታ ሲደርስ፣ ጠብ።

ማንም የገባው የለም። የስማዳው ሰው ጎንበስ ብሎ "የኔታ፣ ማን ሳተ?" አለ።

"እሱ ነዋ" አሉ፤ በመቋሚያቸው ጫፍ ላፕቶፑን እያሳዩ። "አልሰማኸውም? ሐኪም ቤት ሊሄድ ቸኩሎ ቆረጠው። አንተ በለው።"

ሰውየው አቅማማ። የመምህሩን ስሕተት ማረም ለተማሪ የሚቻል ነገር አይደለም። አባባ ጠበቁት። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ ያቺን ቦታ አዜማት። ጠብ። እንደገና። አባባ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፣ ቀስ አድርገው አወረዱ፤ ጠብ። በሦስተኛው ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ረዝሞ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። መቋሚያዋን ሁላችንም አየናት። ዝም አለች።

ያን ጊዜ ከኋላ የነበሩት ሳይነገራቸው ቀረቡ። አባባ እጃቸውን አንሥተው እኔን ጠሩኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ይህ ሰውዬ ብዙ ይቀረዋል" አሉኝ፣ ላፕቶፑን በአገጫቸው እያሳዩኝ። "ስንት ቦታ እንደ ሳተ እኔ አውቃለሁ። እሱ ሳይታረም የት ሄደው ይማሩታል?" ከዚያ ዓይናቸውን ከኔ አንሥተው ወደ ተማሪዎቹ መለሱና በሹክሹክታቸው የሚችሉትን ያህል ጮክ አሉ። "ተቀመጡ።"

አኩፋዳው ሁሉ አንድ በአንድ ከትከሻ ወረደ። የስማዳው ሰው ደበሎውን አጥፎ ከፊት ተቀመጠ። እኔ በልማዴ ቆሜ ነበር፤ ባጃጁ ላይኛው መንገድ ላይ ይጠብቀኛል። አባባ አግዳሚውን አጠገባቸው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"ከመጀመሪያው መልሺው" አሉ።

መለስኩት። እጄን ከቁልፉ ሳላነሣ፣ ዓይኔን ከመቋሚያዋ ሳልነቅል፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።